ከብላቴ እስከ ፎርት ኖክስ

ባለፈው ወር ቨርጂኒያ የሚኖሩት አጎቴ የስድስት ደቂቃ የድምፅ መልእክት ላኩልኝ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች የተለመደው ነው፤ የእናቴ ጉልበት፣ የሰፈራችን መፍረስ፣ የዶላር ነገር። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «ልጅቷን ወታደር ሊያደርጉብኝ ነው። አንተ ጋዜጠኛ ነህ፣ እስቲ ይኼ ነገር ምን እንደሆነ አጣርተህ ንገረኝ።»

ልጅቷ የመጨረሻ ልጃቸው ናት። እዚያው ተወልዳ ያደገች፣ ዘንድሮ ሁለተኛ ደረጃ የምትጨርስ፣ ነርስ መሆን የምትፈልግ ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ የአራት ዓመቱን የትምህርት ክፍያ የአሜሪካ ጦር እንደሚሸፍንላት፣ እሷም ከትምህርቷ ጎን ለጎን እየሠለጠነች ስትመረቅ ምክትል መቶ አለቃ እንደምትሆን የሚገልጽ ደብዳቤ ደርሷታል። እናቷ ክፍያውን አስባ ደስ ብሏታል። አጎቴ ግን እንቅልፍ አጥተዋል።

ምክንያት አላቸው። በ1983 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበሩ። የደርግ መንግሥት ሊወድቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ትምህርት ተቋርጦ ተማሪዎች ለወታደራዊ ሥልጠና ወደ ብላቴ ሲላኩ፣ አብረው ከተላኩት አንዱ እሳቸው ናቸው። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግንቦት 13 ቀን ከአገር ሲወጡ ለአጃቢዎቻቸው የሰጡት ምክንያት «ብላቴ ያሉትን ሠልጣኞች ልጎበኝ ነው» የሚል ነበር። አውሮፕላኑ ናይሮቢ አረፈ። ተማሪዎቹ ሜዳ ላይ ቀሩ። ብዙዎቹ በእግራቸው ወደ ኬንያ ተሻገሩ፤ አጎቴም እንዲሁ። ስለዚህ «ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ወታደራዊ ሥልጠና አለ» ሲባሉ የሚታያቸው አቧራ፣ ረሃብና ጥሏቸው የሄደ መሪ ነው።

ላጣራ ተቀመጥኩ። ያገኘሁት ለአንድ ቤተሰብ ብቻ የሚበቃ ሆኖ ስላላየሁት እዚህም አመጣሁት። የአሜሪካውን ታሪክ ሳወራ ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፣ የእኛን ሳወራ በእኛው።

ነገሩ አር.ኦ.ቲ.ሲ. ይባላል። በእኛ ቋንቋ የተጠባባቂ መኮንኖች ማሠልጠኛ ጓድ ልንለው እንችላለን። ተማሪው እንደማንኛውም ተማሪ ሕክምናውን፣ ምህንድስናውን ወይም ታሪኩን ይማራል። በሳምንት ጥቂት ቀን ማለዳ ተነስቶ ስፖርት ይሠራል፤ የጦር ሳይንስ የሚባል ክፍል ይገባል፤ በሳምንት አንድ ቀን ደንብ ልብሱን ለብሶ የመስክ ልምምድ ያደርጋል። በሦስተኛውና በአራተኛው ዓመት መካከል ባለው ክረምት ኬንታኪ ክፍለ ግዛት ወደሚገኘው ፎርት ኖክስ ሄዶ ከአንድ ወር በላይ ይፈተናል። እዚያ የሚመዘነው ተኩሱ ብቻ አይደለም፤ እንቅልፍ ያጡና የደከሙ ሰዎችን መምራት ይችላል ወይ የሚለው ነው። ሲመረቅ በአንድ በኩል ዲግሪ፣ በሌላ በኩል ማዕረግ ይቀበላል።

በምላሹ የሚገባው ግዴታ በጥቅሉ ስምንት ዓመት ነው። ከዚህ ውስጥ ስኮላርሺፕ የወሰደ አብዛኛውን ጊዜ አራቱን በመደበኛው ጦር፣ ቀሪውን በተጠባባቂነት ያሳልፋል። ዜጋ ያልሆነ ውሉን መፈረም አይችልም። ዛሬ የአሜሪካ ምድር ጦር በየዓመቱ ከሚሾማቸው አዳዲስ መኮንኖች ከግማሽ በላይ የሚመጡት በዚህ መንገድ ነው እንጂ በስም ከምናውቀው ዌስት ፖይንት አይደለም።

እኔን የገረመኝ ይሄ ነው። ዓለምን የሚያስፈራ ጦር ያለው አገር መኮንኖቹን በብዛት የሚያወጣው ከሲቪል ካምፓስ ነው። ለምን?

መልሱ የሚጀምረው አልደን ፓርትሪጅ ከሚባል አኩራፊ ሰው ነው። ፓርትሪጅ የዌስት ፖይንት የበላይ ኃላፊ የነበረ፣ በጦር ፍርድ ቤት ተከሶ በመጨረሻ ሠራዊቱን የለቀቀ መኮንን ነው። በ1819 ቨርሞንት ክፍለ ግዛት ውስጥ ኖርዊች በምትባል ከተማ የራሱን ትምህርት ቤት ከፈተ። ተማሪው ሥነ ጽሑፍም፣ ሳይንስም፣ የጦር ትምህርትም አንድ ላይ ይማር ነበር። በኋላ ዌስት ፖይንትን በጽሑፍ ሲዘልፍ ያነሳው ክርክር ቂም ያለበት ቢሆንም ፍሬ ነገር አለው። አንድ ሪፐብሊክ መኮንኖቹን ሁሉ ከአንድ የታጠረ ግቢ ካወጣ፣ ራሱን ከሕዝቡ በላይ የሚያይ የወታደር መኳንንት እያሳደገ ነው የሚል ነበር።

ሐሳቡ አገራዊ ሕግ የሆነው በእርስ በርስ ጦርነቱ መካከል ነው። ከዌስት ፖይንት ከወጡ መኮንኖች ብዙዎቹ ወደ ደቡብ አማፅያን ዞረው ነበር። የደቡቡ ጦር መሪ ሮበርት ሊ ራሱ የዌስት ፖይንት ኃላፊ የነበረ ሰው ነው። እንግዲህ በ1862 ፕሬዚዳንት ሊንከን የፈረሙት የሞሪል ሕግ (አርቃቂው ጀስቲን ሞሪልም የቨርሞንት ሰው ነው) ለየክፍለ ግዛቱ በምክር ቤት ባለው በእያንዳንዱ ወንበር 30,000 ኤከር የፌዴራል መሬት ሰጠ። መሬቱ ተሽጦ የግብርናና የሙያ ኮሌጅ ይቋቋምበት፣ በኮሌጁም ከሌላው ትምህርት ጋር የጦር ስልት ይሰጥ አለ። መሬቱ ከማን ተወስዶ «ፌዴራል» እንደሆነ የአገሬው ነባር ሕዝቦች ዛሬም ይጠይቃሉ። እሱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው።

የዛሬው ቅርጽ የመጣው በ1916 ነው። አውሮፓ እየነደደ ነበር፤ አሜሪካ ገና አልገባችም። ፕሬዚዳንት ዊልሰን የፈረሙት የብሔራዊ መከላከያ ሕግ በየኮሌጁ ተበታትኖ የነበረውን ሥልጠና አንድ ሥርዓት አድርጎ አር.ኦ.ቲ.ሲ. አለው። ሃርቫርድ ቀድመው ከገቡት አንዱ ነበር። ይህን ያዙልኝ።

በዓመቱ አሜሪካ ወደ ጦርነቱ ስትገባ የሆነ አንድ ታሪክ አለ፤ ከሁሉም በላይ ለአጎቴ ልነግራቸው የፈለግሁት እሱን ነው። ቦታው ዋሽንግተን የሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዛሬ የሀበሻ ምግብ ቤቶች ከተደረደሩበት ከዩ ጎዳና ብዙም አይርቅም። በኋላ ዘመን የእኛው ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩበት ግቢ ነው። በ1917 ጦሩ ለመኮንንነት የሚያሠለጥነው ነጮችን ነበር። ጥቁሩ ተራ ወታደር ሆኖ ይሙት፣ አዛዥ ግን አይሁን ነው ነገሩ። የሃዋርድ ተማሪዎች ከሌሎች የጥቁር ኮሌጆች ጋር ኮሚቴ አቋቁመው፣ «ለመኮንንነት ለመሠልጠን ዝግጁ ነን» ያሉ ወጣቶችን ስም በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ1,000 በላይ ሰብስበው ባለሥልጣናቱን ወጥረው ያዙ። ጦሩ አዮዋ ክፍለ ግዛት ፎርት ደ ሞይን ላይ ለጥቁሮች ብቻ የሆነ የማሠልጠኛ ሰፈር ከፈተ። ለብቻ መሆኑ ራሱ ስድብ ነበር፤ በዚያ ዘመንም የተቃወሙት ጥቁሮች ነበሩ። ቢሆንም በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር 639 ጥቁር መኮንኖች ማዕረግ ለበሱ።

ከእነሱ አንዱ ቻርልስ ሃሚልተን ሂውስተን ነው። ፈረንሳይ ዘምቶ፣ በጠላት ሳይሆን በገዛ ጦሩ ነጭ መኮንኖች የደረሰበትን ውርደት አይቶ፣ ሕግ ለመማር ወስኖ ተመለሰ። የሃዋርድን የሕግ ትምህርት ቤት የመራ፣ ተርጉድ ማርሻልን ያስተማረ፣ የዘር መለያየትን በፍርድ ቤት የሚያፈርሰውን ስልት የነደፈ ሰው ሆነ። ያ ማዕረግ ለነዚያ ተማሪዎች የዜግነት ጥያቄ ነበር። «አገሪቱ የእኛም ናት ካላችሁ እኛም እናዝዝ» ነው ያሉት።

ሁሉም ተማሪ ግን በፍቅር አልገባበትም። በብዙዎቹ የመንግሥት ኮሌጆች ለወንድ ተማሪ የመጀመሪያው ሁለት ዓመት ሥልጠና ግዴታ ነበር። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ጥቂት የሜቶዲስት ተማሪዎች «እምነታችን አይፈቅድም» ብለው እምቢ ሲሉ ተባረሩ። ጉዳያቸው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1934 ተፈረደባቸው። ግዴታው በአብዛኛው የቀረው በ1960ዎቹ ነው። በ1964 የወጣው ሕግ ደግሞ ስኮላርሺፑን አሰፋ፤ የአጎቴ ልጅ እጅ ያለው ደብዳቤ የዚያ ሕግ የልጅ ልጅ ነው በሉት።

ሥርዓቱ ያፈራውን ሰው በስም ጥሩ ከተባልኩ ኮሊን ፓወልን እጠራለሁ። ከጃማይካ የመጡ ስደተኞች ልጅ፣ ያደገው ኒውዮርክ ደቡብ ብሮንክስ ነው። የከተማዋ ሕዝብ ኮሌጅ ገብቶ ምህንድስና ጀመረና አልሆንልህ አለው፣ ወደ ሥነ ምድር ዞረ። ውጤቱ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ግቢው ውስጥ ደንብ ልብስ የለበሱ ልጆች አየና ሄዶ ተመዘገበ፤ ልቡ እዚያ ቀረ። በ1958 ምክትል መቶ አለቃ ሆኖ ወጣ። በ1989 የአሜሪካ ጦር ኃይሎች የጋራ ኤታማዦር ሹሞች ሊቀመንበር ሆነ፤ በዚያ ወንበር የተቀመጠ የመጀመሪያው ጥቁር፣ ከአር.ኦ.ቲ.ሲ. የወጣም የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ከካምፓስ የወጣ መኮንን እውነትን ሁልጊዜ ይናገራል ማለቴ እንዳይመስላችሁ። በ2003 ስለ ኢራቅ የጦር መሣሪያ ለተባበሩት መንግሥታት ያቀረበው ይኸው ፓወል ነው፤ እስኪሞትም እንደ ጠባሳ ኖሮበታል።

አሁን ወደ ቬትናም እንምጣ፤ የታሪኩ አንጓ እዚህ ነው።

ለተማሪው ጦርነቱን መንካት ከባድ ነበር። ዋሽንግተን ሩቅ ናት፣ ቬትናም የበለጠ ሩቅ ነው። በቅርብ የሚገኘው ጦር ግቢው ውስጥ ያለው የአር.ኦ.ቲ.ሲ. ሕንፃ ነበር። በሚያዝያ ወር 1969 የሃርቫርድ ተማሪዎች የአስተዳደሩን ሕንፃ ሲይዙ ዋናው ጥያቄያቸው ይህ ሥልጠና ከግቢው ይውጣ የሚል ነበር። በማግስቱ ንጋት ፖሊስ በዱላ አስወጣቸው። ጥያቄያቸው ግን አሸነፈ። ሃርቫርድ፣ ዬልና ኮሎምቢያ ሥልጠናውን ክብሩንና ቦታውን ነስተው አስወጡት። የፓወል ኮሌጅም ተከተለ።

ሜይ 2 ቀን 1970 ኦሃዮ ውስጥ በኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ የአር.ኦ.ቲ.ሲ. ሕንፃ ተቃጠለ። የክፍለ ግዛቱ ብሔራዊ ዘብ ገባ። ከሁለት ቀን በኋላ ወታደሮቹ ተኩሰው አራት ተማሪዎች ገደሉ፣ ዘጠኝ አቆሰሉ። ከተገደሉት አራቱ አንዱ ራሱ የአር.ኦ.ቲ.ሲ. ተማሪ ነበር። ሰልፍ ላይም አልነበረም፤ ወደ ክፍሉ እየሄደ ነበር። ይህን ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ወደ በረንዳ ወጣሁ።

ተማሪዎቹ ስለ ጦርነቱ ተሳስተው ነበር አልልም። አልተሳሳቱም። ጥያቄዬ ጦሩን ከግቢ ማስወጣታቸው ምን አመጣ የሚለው ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሠልጣኞቹ ቁጥር ከነበረበት ከሲሦ በታች ወረደ። ጦርነቱ ግን በዚያ አልቆመም። ጦሩ ሌላ ቦታ ሄዶ መኮንን ፈለገ እንጂ መኮንን አላጣም። በሰሜን ምሥራቅ የተዘጋው ሥልጠና በደቡብና በመካከለኛው ምዕራብ ተከፈተ። ግዳጅ ምልመላ በ1973 ሲቀር ደግሞ የሀብታሙና የምሁሩ ልጅ ጦር የሚባል ነገር ሳያይ ማደግ ቻለ። ጦርነት የሚያውጀውና ስለ ጦርነት የሚጽፈው ከአንድ ዓይነት ግቢ፣ የሚዘምተው ከሌላ ግቢ ሆነ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደግመው አንድ ክርክር አለ። በ1968 የሚ ላይ መንደርተኞች ሲጨፈጨፉ ትእዛዝ የሰጠው ሌተናንት ካሊ ኮሌጅ ያቋረጠ ሰው ነበርና፣ ካምፓሶቹ ጦሩን ባያባርሩ እንደ እሱ ያለ ሰው መኮንን አይሆንም ነበር ይላሉ። ቀኑ አይገጥምም። ካሊ ማዕረግ ያገኘው በ1967 ነው፣ ሃርቫርድ ሥልጠናውን ያስወጣው በ1969። የተማረው ወጣት ከጦሩ መሸሽ ቀደም ብሎ ጀምሮ ነበር ማለት ይቻላል፤ ጭፍጨፋውን በተማሪዎች ሰልፍ ላይ መለጠፍ ግን ቅጥፈት ነው። ዲግሪ ያለው ሰው አይጨፈጭፍም የሚለውን ደግሞ እኛ ኢትዮጵያውያን ለማንም ልንመሰክርለት አንችልም።

መመለሻው ረጅም ጊዜ ወሰደ። ሴቶች መመዝገብ የጀመሩት በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ታላላቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች በኋላ በሩን ዘግተው የቆዩበት ምክንያት ጦሩ ግብረ ሰዶማውያንን ማግለሉ ነበር፤ ሕጉ በ2010 መጨረሻ ተሽሮ በዓመቱ ሃርቫርድና ኮሎምቢያ የባሕር ኃይሉን ሥልጠና ለመመለስ ፈረሙ። የፓወል ኮሌጅ በ2013 ሲመልስ ሽማግሌው ፓወል ተገኝቶ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ግን እንደ እሱ ያለ የስደተኛ ልጅ እዚያው ግቢ ውስጥ ያን በር አላገኘም። የሃርቫርዱ ልጅ ሌላ አሥር በር ነበረው። በመዘጋቱ የተጎዳው ማን እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

ወደ እኛ ስመለስ፣ ያየሁት ተቃራኒውን ነው። እኛ ጥሩ የጦር ትምህርት ቤት አላጣንም። ሆለታ ገነት በስዊድን መኮንኖች የተቋቋመው ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ነው። ሐረር የጦር አካዳሚ ሕንዳውያን መምህራን የነበሩበት፣ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱ ልጆች ሦስት ዓመት የሚማሩበት የተከበረ ቤት ነበር። ግን ዩኒቨርሲቲው ለብቻው፣ የጦር ትምህርት ቤቱ ለብቻው ነው። አጥሩ መካከል በር አልነበረውም።

ስለዚህ ሁለቱ የተገናኙት በድንገት፣ በአደባባይ ነው። ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥቱን የመሩት ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፤ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የክብር ዘበኛ አዛዥ፣ ገርማሜ ንዋይ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሲቪል አስተዳዳሪ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ደግፈው ሰልፍ ወጡ። በቀናት ውስጥ ነገሩ በጥይት ተደመሰሰ። አንድ ቤት ያደጉ ወንድማማቾች ባይሆኑ ኖሮ ካምፓሱና ሰፈሩ በዚያ ቀን እንኳ የሚነጋገሩ አይመስለኝም።

በ1966 ተማሪው ጮኸ፣ ወታደሩ ሥልጣኑን ወሰደ። በማግሥቱ ዓመት ተማሪው «እድገት በኅብረት» ተብሎ ወደ ገጠር ተላከ። ከዚያ በኋላ ያለውን ለማንም መንገር አያስፈልገኝም፤ በቀይ ሽብር ልጅ ያልሞተበት ሰፈር የለም። ደርጉ ውስጥ የነበሩት መኮንኖችና ተራ ወታደሮች ስለሚገድሏቸው ተማሪዎች ምን ያውቁ ነበር? ተማሪዎቹስ «ወታደር» ሲሉ ስንቱን ወታደር ቁጭ ብለው አነጋግረው ያውቁ ነበር? አብረው ስለ ተማሩ ብቻ አይጋደሉም ነበር የሚል የዋህ አይደለሁም። ግን በማያውቁት ሰው ላይ መጨከን ይቀላል።

ብላቴ የዚህ ሁሉ መጨረሻ ነው። ዩኒቨርሲቲውና ጦሩ በመጨረሻ ሲገናኙ ተማሪው ፈርሞ፣ ዲግሪውን ይዞ፣ ሊያዝ ሳይሆን ትምህርቱ ተቋርጦበት ነው የሄደው። እዚያ የነበሩት ልጆች መካከል አገሬን ብሎ በፈቃዱ የተነሳ እንደነበረ አጎቴ ራሳቸው ይናገራሉ። ማንም የጠየቀው ግን የለም።

ይህን ሁሉ አሳጥሬ ለአጎቴ በድምፅ ላክሁላቸው። ጋሼ፣ ይኼኛው ብላቴ አይደለም አልኳቸው። ወረቀት አለው፣ ፊርማ አለው፣ መውጫ አለው። ግን ስጦታም አይደለም አልኳቸው። ነርስ መኮንንም ወደ ጦርነት ይላካል። ወደ ኢራቅና ወደ አፍጋኒስታን ከሄዱት ምክትል መቶ አለቆች ብዙዎቹ እንደ እሷ በአሥራ ስምንት ዓመታቸው ለትምህርት ክፍያ ብለው የፈረሙ ልጆች ነበሩ። ስምንት ዓመት ረጅም ነው፤ በስምንት ዓመት ውስጥ አሜሪካ ከማን ጋር እንደምትዋጋ እሷም፣ አንተም፣ እኔም አናውቅም። ደግሞም ውሳኔው የእሷ ነው። ብላቴ ላይ አንተን ያልጠየቀህ ሰው እንዳለ ሁሉ እሷንም ሳትጠይቅ እምቢ ካልክላት ያው ነው አልኳቸው። ይህን የመጨረሻውን ከላክሁ በኋላ ደፍሬያለሁ ብዬ ልሰርዘው አሰብኩ፤ ሰምተውት ነበር።

ሁለት ቀን ዝም አሉ። በሦስተኛው ቀን አጭር መልእክት መጣ። ስለ ፓርትሪጅም፣ ስለ ሃርቫርድም፣ ስለ ገርማሜም አንድ ቃል የለበትም።

«መውጫ አለው ያልከው እስከ መቼ ነው?»

የአራት ዓመት ስኮላርሺፕ ያገኘ ሰው የመጀመሪያውን ዓመት ሞክሮ ያለ ዕዳ መተው እንደሚችል፣ ሁለተኛው ዓመት ከተጀመረ በኋላ ግን ገንዘቡን መመለስ ወይም እንደ ተራ ወታደር ማገልገል ሊመጣ እንደሚችል ነገርኳቸው።

«ሁለተኛው ዓመት በስንት ወር ነው የሚጀምረው?»

ኦገስት ላይ አልኳቸው። ጻፍኩት አሉኝ።